ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ያልተመለሰው ጥያቄ

ካውያው እጄ ላይ ነበር። የማዳሜን ልጅ ነጭ ጀለቢያ ዘርግቼ እጅጌውን ስተኩስ፣ ከሳሎን በኩል ድምጿ መጣ። በኮምፒዩተሯ ለተማሪዎቿ ታነብላቸዋለች። «የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ውሃ ጠጥታ አትጠግብም። በየሰዓቱ ሽንቷን ትሸናለች፤ ትታው የነበረውን ፍራሽ ማርጠብ እንደገና ጀምራለች። ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። እናቷ ይዛት መጣች። እናቲቱን ምን ትጠይቋታላችሁ?» ዐረብኛው ቀላል ነበር፤ የውሃና የፍራሽ ዐረብኛ፣ እኔ የማውቀው። አንድም ቃል አላመለጠኝም። መጀመሪያ የመጣብኝ ድንጋጤ አልነበረም፣ ንዴት ነበር፤ ማን ነው የነገረብኝ አልኩ። እዚያ ቤት እኔ ሪያድ ውስጥ ልጅ አለኝ ብዬ አላውቅማ። ድንጋጤው የመጣው ቀጥሎ ነው። የተነበበችው የኔ ረውዳ ናት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የልጄ ነገር ለኔ የፍራሽ ጣጣ ነበር፣ በሽታ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚማሩት ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ሰማሁ። የባነንኩት የጀለቢያው እጅጌ ሲጨስ ነው።

ይሄ ሁሉ ሰሞኑን የተነሳብኝ ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ በሚኖረው ወጣት የኮሌጅ አስተማሪ የተነሳ ነው። ሸሚዙን እያጠበ ወሬ ጀመረኝ። «እትዬ ዘሃራ፣ ዘንድሮ እኮ ማስተማር ቀረ» አለኝ። «ታዲያ ደሞዙን ለማን ሊሰጡት ነው?» ስለው ሳቀ። «ተማሪን ማዕከል ያደረገ ይሉታል። እኔ ቆሜ አልለፈልፍም። እነሱ ይጠይቃሉ፣ በቡድን ይወያያሉ፣ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። እኔ መንገድ ማሳየት ብቻ ነው።» «ሲሳሳቱስ?» አልኩት። «ይሳሳቱ! ከስህተታቸው ይማሩ የለ?» አለኝና ሸሚዙን ጨመቀ። ማለቅለቂያ ውሃ ጨመርኩለት። ልጁ ምን በደለኝ? ሸሚዙን አስጥቶ ሲገባ ግን እኔ ሪያድ ነበርኩ፣ መላዝ፣ እዚያ ሳሎን በር ላይ።

መላዝ ያኔ ያረጁ ፎቆች ሰፈር ነበር። በየበሩ አቧራ የጠጡ የቴምር ዛፎች፣ ጥግ ላይ ታሚስ የሚጋግረው አፍጋን፣ ከሱ ቀጥሎ የየመኒው ሱቅ። አንድ ሪያል ከሰጠሽው አፍጋኑ ትሪ የሚያህል ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጥሽ ነበር፤ በአባያዬ ሥር ደረቴ ላይ አድርጌው ስሄድ በክረምት እንደ ጋቢ ያሞቀኛል። አባያዬን ከበጥሃ ገበያ በሠላሳ አምስት ሪያል ነው የገዛሁት፣ እጅጌው ላይ ጥቁር ጨሌ ነገር አለው፤ እሱን ስለብስ ሰው እሆን ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ያ በሽታ ዓለሙን ሁሉ ቤቱ ያስቀመጠበት ወቅት ነው። አፋችንን ሸፍነን ዓይን ለዓይን ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። በጆሮዬ መንዙማ ሰክቼ፣ ሹርጣ፣ ፖሊሱ፣ ከማይበዛበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ እየመረጥኩ፣ ከምኖርበት ሰፈር ከዑድ መላዝ ደርሼ እመለሳለሁ። ከመጀመሪያው አሠሪዬ፣ ከከፊሌ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ኢቃማዬ ሞቷል፤ መኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ፖሊስ እጅ ከገባ ቀጥታ ወደ ተርሂል ነው፣ ወደ መባረሪያው እስር ቤት። የረውዳ አባት ግንባታ ላይ እያለ እንደዚያ ተይዞ ተሸኘ።

ረውዳን የወለድኳት ዑድ ውስጥ፣ ስድስት ሴት በተከራየነው አንድ ክፍል ነው። ወረቀት የላትም። ስማችንን የሚያውቁት የክፍሉ ሴቶች ብቻ ናቸው። ከመካከላችን እታለም የምትባል የጎጃም ሴት ነበረች፤ ከደረጃ ወድቃ እግሯን ከተሰበረች ወዲህ ሥራ አትወጣም፤ እኛ ስንወጣ ልጆቻችንን የምትይዝልን እሷ ናት። ምላሷ መርዝ ነው፣ እጇ ግን እንደ ጥጥ። ማዳሜ ስትቀጥረኝ «ልጅ አለሽ?» ብላኝ ነበር። «ሀገር ቤት፣ አድገዋል» አልኳት። በዚያው ቀረ። አንዴ የዋሹትን ነገር መመለሻው መንገድ ይጠፋል።

ማዳሜ ደግ ሴት ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ነርስነት ነው የምታስተምረው፣ ሰው ሁሉ ዶክቶራ ይላታል። ድሮ ከሥራ ስትመለስ ድምጿ ተዘግቶ ነበር የምትመጣው፤ ዝንጅብል አፈላላት ነበር። ከዚያ የሆነ ሥልጠና ገባችና ተለወጠች። «ዘሃራ፣ ከእንግዲህ እኔ አላወራም፣ እነሱ ያወራሉ» አለችኝ። እኔ እንኳን ደስ አለኝ፣ ጉሮሮዋ ያርፋል ብዬ። ለካ ነገሩ ለኔም ኖሯል። ሩዝ አሳረርኩ፤ ድሮ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ለምን ያረረ ይመስልሻል?» ትላለች ድስቱን ይዛ። «እሳት በዝቶበት።» «እሳቱ ለምን በዛ?» «እኔ ስላበዛሁት!» «ሙምታዝ!» ትላለች፣ እጅግ በጣም ጥሩ ማለቷ ነው። ይህን ለእታለም ስነግራት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «አሳርረሽ የምትመሰገኝበት ቤት አግኝተሽ ደግሞ ታማርሪያለሽ? እኔን አስቀጥሪኝ፣ ቤቱን ሁሉ ነው የማነድላት!»

እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ቀለም ከተባለ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ከዚያ በፊት ሎሕ፣ የእንጨት ሰሌዳዬን፣ ይዤ ቁርዓን ቀርቻለሁ። ሸኻችን ይላሉ፣ እኛ ከኋላቸው እንላለን። ከሳትን አለንጋው አለ፤ ካልሳትን ዝም ይላሉ። «ጥሩ ነው» ካሉ ግን በቃ፣ ያ ነገር ልክ ነው፣ እስክትሞቺ ልክ ነው። በኔ አገር የአስተማሪ «ጥሩ» እንደዚያ ነበር። ይህን የማነሳው ለምን እንደሆነ አሁን ይታያል።

ያን እሑድ የተቃጠለውን ጀለቢያ ከሥር ደብቄ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ተማሪዎቹ ማውራት ጀመሩ። አንዷ ፈጠን ብላ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» አለች። «ሙምታዝ! ለምን እንዲህ አልሽ?» አለች ዶክቶራ። ሌላዋ «አዲስ ወንድም ተወልዶባት ይሆናል፣ ቅናት ነው» አለች። «ሙምታዝ። እናቲቱን ምን ብለሽ ትጠይቂያታለሽ?» ሦስተኛዋ «እየበላች ከከሳች የሆድ ትል ነው» አለች። «ሙምታዝ!» እኔ በልቤ የቱ ነው፣ የቱ ነው እላለሁ። አንድ ቀጭን ድምፅ ያላት ተማሪ ነበረች፣ ሁልጊዜ «ልሳሳት እችላለሁ» ብላ ነው የምትጀምረው፤ እሷ «ዶክቶራ፣ መልሱ የቱ ነው?» አለችልኝ። አላህ ይስጣት አልኩ። ዶክቶራ ሳቀች። «መልሱን እኔ ብነግራችሁ ነገ ትረሱታላችሁ። በአምስት በአምስት ተከፋፍላችሁ ፈልጉ፣ ማክሰኞ ይዛችሁ ኑ። ያላ፣ ኸላስ።» ኮምፒዩተሩ ተዘጋ። በቃ። ልጄ ከነሕመሟ እስከ ማክሰኞ እዚያ ውስጥ ተዘጋባት።

ሻይ ይዤላት ገባሁ።  «ዶክቶራ፣ ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አልኳት። ፊቷ እንዴት እንደበራ! ሠራተኛዋ ትምህርቷን አዳምጣ ጠየቀቻት፤ ወላሂ ደስታ ነበር ፊቷ ላይ። ወንበር ሳበችልኝ። «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። «እኔ ምን አውቄ፣ ንገሪኝ።» «አይሆንም፣ አንቺ ልጆች አሳድገሻል። ከነሱ የበለጠ ታውቂያለሽ። ምን ይመስልሻል?» ከሦስቱ የትኛውን ልበል? ቅናት እንዳልል ወንድም የላትም። ኢንፌክሽን የሚባለውን አላውቀውም። ትልን አውቀዋለሁ። «ትል» አልኩ። «ሙምታዝ ዘሃራ! ለምን?» «እየበላች ስለከሳች።» «ጥሩ ምክንያት ነው። ሌላስ?» ስልኳ ጮኸ፣ እህቷ ናት፣ ተነስታ ሄደች። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ዶክቶራ ጥሩ ብላለች። የትልቅ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ትል ነው ብላለች። እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ፤ ሸኻችን ካሉት በላይ አመንኳት። ለዚያውም ከሦስቱ ቀላሉ እሱ ነው፤ ፋርማሲ ይሸጣል፣ ፋርማሲ ደግሞ ኢቃማ አይጠይቅም።

ከግብፃዊው ፋርማሲ ኪኒኑን ገዝቼ ዑድ ስደርስ ገና ፀሐይ አለች። ረውዳ መስኮቱ ሥር ተኝታለች፣ እንደዚያ የምትቦርቅ ልጅ። እጇ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኗል። ስለከሳች አቅም እንድታገኝ ብለን ቴምር በወተት እየዘፈዘፍን፣ የሱቁን ቀይ ጣፋጭ መጠጥ በትልቁ ብርጭቆ እያጠጣን ነበር የከረምነው። ውሃውን ደግሞ ቀንሰንባታል። ስድስት ሴት ተደርድሮ የሚተኛበት ክፍል ነው፤ ፍራሽ በረጠበ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው፤ እኔው ራሴ ነኝ ጀሪካኑን ከፍ አድርጌ የሰቀልኩት። «ማማ፣ ውሃ» ትለኛለች። «ትንሽ ቆይ የኔ እናት።» ጎንበስ ብዬ ስስማት ከአፏ የበሰለ ፍሬ ሽታ መጣብኝ። «እታለም፣ ሙዝ አብልተሻታል?» አልኳት። «ሙዝ በየት በኩል ይመጣል? ከጧት ጀምሮ ቴምሯን ነው የበላችው» አለች። ኪኒኑን አሳየኋት። «ዶክቶራ ናት የነገረችኝ፣ ትል ነው።» እታለም እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ተመስገን! እኔ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብዬ ማንን እንደምጠረጥር ስመርጥ ነበር የዋልኩት።»

ሰኞ ጧት አስመለሳት። ሥራ ቦታ ሆኜ እታለም ደወለችልኝ፣ ድምጿ ፍንድቅ ብሏል። «አብሽሪ ዘሃራ፣ እየወጣላት ነው! መድኃኒቱ ሠራ!» የእስላሙን አብሽሪ፣ አይዞሽ ማለቱን፣ ከኔ ነው የተማረችው። እኔም ኩሽና ውስጥ ቆሜ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ምን እንዳመሰገንኩ አሁን ሳስበው ሰውነቴ ይሸመቀቃል። ማታ ስገባ ግን ልጄ ደስታ የላትም። ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል፣ እንደሮጠ ሰው። «ሐኪም ቤት ልውሰዳት?» አልኩ።  እታለም ናት የመለሰችው፣ ያለ ቀልድ። «እህቴ፣ በሩ ላይ ኢቃማ ይሉሻል። ከዚያ ሹርጣ። አንቺ ተርሂል ከገባሽ እሷን ማን ይይዛታል? ነገ ማክሰኞ አይደል? መልሱን ስሚና እንወስናለን።» እኔም እሺ አልኩ። ሰው እንዴት በልጁ ሕይወት ላይ እሺ እንደሚል አትጠይቁኝ። የፈራ ሰው የተባለውን ሁሉ እሺ ይላል።

ማክሰኞ ዕለት ገና ትምህርቱ ሳይጀመር መጥረጊያ ይዤ ሳሎኑ በር ላይ ነበርኩ። ቡድኖቹ አንድ በአንድ አቀረቡ። የመጀመሪያዎቹ ሽንት አሉ፣ ሁለተኛዎቹ አስረዘሙት፣ ምኑም አልገባኝም። ትል ያለችዋ ልጅ ተነስታ «እኛ ትሉን ትተነዋል፣ ውሃ ጥሙን አይገልጽም» አለች። ትተነዋል! እኔ ኪኒኑን አስውጫታለሁ፣ እነሱ ትተውታል። ያኔ ያቺ ቀጭን ድምፅ መጣች። «ልሳሳት እችላለሁ፤ እኛ እናቲቱን አንድ ነገር እንጠይቃታለን። የልጅቷ አፍ ምን ይሸታል?» ዶክቶራ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። «ይሄን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። የበሰለ ፍሬ ይሸታል።»

መጥረጊያው ከእጄ መቼ እንደወደቀ አላውቅም። ገባሁ። ፀጉሬ ተገልጦ፣ ሽርጤን እንደታጠቅኩ፣ ያ ሁሉ ተማሪ በኮምፒዩተሩ እያየኝ። «ከዚያስ?» አልኩ። «ካስመለሳትስ? ትንፋሿ እንደሮጠ ሰው ከሆነስ?» ዶክቶራ ግራ ገብቷት ፈገግ አለች፤ ትምህርቱ ስቦኝ መስሏታል። «ዘሃራ፣ ቆይ፣ አንቺ ምን ይመስል…» አላስጨረስኳትም። «አትጠይቂኝ! ለአላህ ብለሽ አትጠይቂኝ፣ ንገሪኝ! ልጄ ናት። ዑድ ተኝታለች።»

  ከዚያ ዶክቶራ፣ ከሥልጠናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ጥያቄ ተናገረች። «የስኳር በሽታ ነው። ደሟ እየተመረዘ ነው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ካልገባች ትሞታለች።» ቁልፏን ስትፈልግ ኮምፒዩተሩ ክፍት ቀረ፤ ያቺ ቀጭን ድምፅ ጠራችኝ። «ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ለቤቱ ደውይላቸው። ጣፋጭ እንዳይሰጧት። ውሃ ከፈለገች ግን ይስጧት፣ አይከልክሏት።» ውሃ። ጀሪካኑን ከፍ አድርጌ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ለእታለም ስደውል «ውሃ ስጪያት» የሚለውን ሦስቴ ነው የደገምኩት።

ሴቶች መኪና መንዳት ከጀመሩ ገና ብዙም አልቆየም ነበር፤ ዶክቶራ ስትነዳ ሁለት እጇን መሪው ላይ አጣብቃ ነው። ከመላዝ ዑድ ሩቅ አይደለም፣ እሷ ግን ሪያድ ተወልዳ አድጋ እግሯ ረግጦት አያውቅም። «እዚህ ነው የምትኖሪው?» እንኳን አላለችኝም፤ ደረጃውን ከኔ ቀድማ ወጣች። በሩ ተቆልፏል። ሴቶቹ የሳዑዲ ሴት ስትመጣ በመስኮት አይተው ጣሪያ ላይ ወጥተዋል፤ ውስጥ የቀረችው መሮጥ የማትችለው እታለም ናት። «እታለም፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺ!» «ማናት እሷ? ሹርጣ ይዘሽብን መጣሽ?» «አስተማሪ ናት!» «እኛን ምን ልታስተምረን?» «ክፈቺ እታለም፣ ረውዳ ልትሞት ነው!» በሩ ተከፈተ። ልጄ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል፣ ግን አታየኝም። ዶክቶራ አንዴ አፏን አሸተተች፣ በራሷ ክንድ አቅፋት ወረደች።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ «ኢቃማ» አለ። እኔ እዚያው ሟሟሁ። ዶክቶራ ልጅቷን እንዳቀፈች «መጀመሪያ ልጅቷ፣ ወረቀቱን ከኔ ጋር ትጨርሳለህ» ብላው አለፈች። ሱዳናዊ ሐኪም ተቀበለን። ጥያቄው ቶሎ ቶሎ ነው፤ መቼ ጀመራት፣ ስንቴ አስመለሳት፣ ምን በላች፣ መድኃኒት ወስዳለች ወይ። «የትል ኪኒን» አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ነው ያዘዘላት?» አንገቴን ደፋሁ። «እኔ ነኝ» አለች ዶክቶራ። ሐኪሙ እሷንም አየና ልጄን ይዞ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ቀን እንዴት ብዬ ልጻፈው? መስታወት አለ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ልጄ አለች፣ ከአፍንጫዋም ከእጇም ገመድ ወጥቷል። እኔ ከወዲህ ነኝ። የማደርገው ነገር የለም። ሌላ ጊዜ ልጅ ሲያምሽ ውሃ ታሞቂያለሽ፣ ጨርቅ ትነክሪያለሽ፣ እጅሽ ሥራ አለው። እዚያ እጄ ሥራ አልነበረውም። መንዙማው ሁሉ ጠፋብኝ፣ ዱዓ ጀምሬ መሃል ላይ አቋርጣለሁ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ተነስቼ እቆማለሁ፤ ዘበኛም ይሁን ጽዳት አልለይም፣ ውሰዱኝ ለማለት የተዘጋጀሁ ይመስል። አንዴ አንዱ የፊሊፒን ጽዳት ሠራተኛ ደንግጦ «ሲስተር፣ እግርሽን ብቻ አንሺልኝ» ብሎኛል።

ረቡዕ ከሰዓት ዶክቶራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።  «እሑድ ጠይቀሽኝ ነበር» አለች። «አዎ።» «እኔ መልሼ ጠየቅኩሽ።» «አዎ።» «ለምን ልጄ ናት አላልሽኝም?» ይሄንን እንኳን እንደ ትምህርቷ አልጠየቀችም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። «ፈርቼ» አልኳት። አለቀሰች። እኔ አላባበልኳትም፣ አቅምም አልነበረኝ። ተቀይሜያት ነበር? አልዋሽም፣ ትንሽ። ግን ያን የታማሚ ልጅ ታሪክ ባታነብ ኖሮ፣ ያቺን ቀጭን ድምፅ ያላት ተማሪ ጠይቂ ብላ ባታስተምራት ኖሮ፣ እኔ ቴምር በወተት እየዘፈዘፍኩ ነበር የምቀብራት። ሁለቱንም አንድ ላይ ይዤ ነው የምኖረው።

ሐሙስ ረፋድ ሱዳናዊው ሐኪም ወጣ። ጭንብሉን ዝቅ አደረገ፤ ያኔ ፊት ማየት ብርቅ ነበር። «ነቅታለች፣ ግቢ» አለኝ። «ደሟ ተስተካክሏል። መርፌውን ዕድሜ ልኳን ትወጋለች፣ አንቺም መውጋት ትለምጃለሽ፣ ግን አደጋው አልፏል።» ገባሁ። ረውዳ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ግን የራሷ ዓይን ሆኖ አየችኝ፣ ተቆጥታ። «ማማ፣ ሹሩባዬን ማን ፈታብኝ?» አለች። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ስቄ ነው አልቅሼ ነው፣ እስካሁን አላውቀውም። ከኋላዬ ዶክቶራ ወረቀታችንን ይዛ ገባች። ሐኪም ቤቱ በሷ ስም መዝግቦናል፤ ሹርጣ አልተጠራም፤ ልጅቷ ስትጠነክር የመውጫ ወረቀት አስጨርሼ በሰላም አገራችሁ አስገባችኋለሁ አለችኝ። እንዳለችውም አደረገች።

ስልኬን አወጣሁ። ዑድ የቀሩት አምስቱም ሴቶች አንድ ስልክ ከበው እንደተቀመጡ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «ተርፋለች» አልኳቸው። «የያዘንም የለም። ልጄ በሕይወት አለች። ከአደጋው ወጥተናል፣ ደህና ነን።»